የሕፃን መነጽር በዐሥራ ሁለት አጻጻፍ

ጋሼ ሆሄ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ሲሄዱ ከሾፌሩ ጀርባ የተለጠፈ ማስታወቂያ ዓይናቸውን ወጋቸው። «እቃ ጠፍቶብዎታል? ድረ ገፃችን ላይ ይፈልጉ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን አንብቦ ያልፋል። እሳቸው ግን ማለፍ አልፈጠረባቸውም። አውቶቡሱ መብራት ላይ እስኪቆም ጠበቁ፣ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ መዘዙ፣ «እ»ን ሰርዘው «ዕ»፣ «ፃ»ን ሰርዘው «ጻ» አደረጉ። ከዚያ ሐኪም ጥርሱን የነቀለለትን በሽተኛ እንደሚያይ ማስታወቂያውን በርኅራኄ አዩት።

«የድርጅቱን ንብረት ማበላሸት ያስቀጣል፣ ጋሼ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

«ያበላሸው የጻፈው ነው። እኔ ያዳንኩት ነኝ» አሉ ሳይዞሩ።

«የጻፍኩት እኔ ነኛ!»

ዞሩ። ሰረዝ ናት። ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ትስቃለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ስማቸው ትንሽ ልበል። ጋሼ ሆሄ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት አራሚ ነበሩ። ሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን የረሳው ያኔ ነው። የፀጉር አስተካካዩን ሰሌዳ፣ የልብስ ንጽህና ቤቱን ደረሰኝ፣ የሠርግ መጥሪያውን፣ እግዜር ይይላቸው የሐዘን ማስታወቂያውን ሳይቀር ያርማሉ። ሰረዝ ደግሞ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። በልጅነቷ ቀጭን ስለነበረች፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋም አጉብጧት ስለምትሄድ፣ «ነጠላ ሰረዝ» ያሏት እሳቸው ናቸው። ስሙ በየትኛው ሰ እንደሚጻፍ ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ደብተሯን ማታ ያሳየቻቸው እንደሆነ ጠዋት የምትወስደው ደሙ እየተንጠባጠበ ነበር።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጋሼ ሆሄ። «ያን ሁሉ ቀይ ቀለም የጨረስኩብሽ ለዚህ ነው?»

«ቀለሙስ ሰርቷል። አሁንም ቀይ እስክሪብቶ ሳይ ደብተሬን እደብቃለሁ። ለመሆኑ ጋሼ ወዴት ነው?»

«ወደ ሥራዬ ነዋ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የአውቶቡስ ድርጅቱ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ አድርጎ ቀጥሮኛል።»

ኃላፊ ሲሉ ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም። ራሳቸውን ያዛሉ፣ ራሳቸው ይታዘዛሉ፣ ሲያረፍዱም ራሳቸውን ይቆጣሉ።

ሰረዝ አፏን ያዘች። «እርስዎ ነዎት ለካ! እኔም ወደ እርስዎ ነው የምመጣው። ሰው የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግበትን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ትናንት ጠርቶ አቃጠለኝ። ‹ክፍላችን በዕቃ ሊፈነዳ ነው፣ የአንቺ ማሽን ግን ለመጣው ሁሉ የለም ይላል› አለኝ።»

«ማሽኑን አትንኪው» አሉ ጋሼ ሆሄ ደስ ብሏቸው። «በሕይወቴ ያየሁት ጥሩ አራሚ እሱ ብቻ ነው።»

ክፍሉ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ምድር ቤት ውስጥ ነው። አንዲቷ መስኮት ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነች የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። መደርደሪያው ላይ ሃምሳ ሦስት ዣንጥላ፣ አንድ ጥሩንባ፣ የአንድ እግር ክራንች (ባለቤቱ ያለ እሱ እንዴት ወርዶ እንደሄደ የሚያውቅ የለም)፣ ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሠራሽ ጥርስም አለ፤ ለገባው ሁሉ ፈገግ ይላል። በሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ያስለጠፈው ወረቀት አለ፦ «ድረ ገጹ ተገኝቷል ካላለ በአካል አይምጡ።»

ሰረዝ የሳቸውን ኮምፒውተር ከፍታ የመዘገቡትን አየች። መቼም ውበት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ፣ ስሙ በትክክለኛ ፊደሉ፣ ፊደሉ በቦታው። «ዣንጥላ። የሕፃን መነጽር። የዐይን ጠብታ። የሥዕል ደብተር።» አንድ እንኳ የተዛነፈ የለም።

«እንዲህ ነው መጻፍ!» አሉ ጋሼ ሆሄ ከትከሻዋ በላይ እያዩ።

«እንዲህ ነው ጋሼ። አሁን ደግሞ ሰዉ የሚጽፈውን ይዩልኝ።» የራሷን ላፕቶፕ ከፈተችና ሰዎች ድረ ገጹ ላይ የጻፉትን ተራ በተራ አወረደችላቸው።

አነበቡ። ፊታቸው እንደ ታመመ ሰው ተኮማተረ። አንዱ «የአይን ተብታ» ብሏል። አንዱ «የስእል ደብተር»። ቀን በሚለው ቦታ ላይ «የዘነበ ዕለት» ብሎ የሞላ አለ። ስልክ ቁጥር በሚለው ላይ «ባሌ ጋ ደውሉ እኔ ተጣልቻችኋለሁ» የሚል አለ። ሌላው ምንም ሳይፈልግ «እናንተው እንደወሰዳችሁት አውቃለሁ» ብሎ ልኳል።

«ይኼን ሁሉ ማሽኑ ምን አለው?»

«‹አልተገኘም።›»

«ተመስገን!» አሉ ጋሼ ሆሄ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው። «ዕድሜ ልኬን ስለፈልፍ የሰማኝ ሰው የለም። አሁን አንድ ማሽን መጥቶ ‹ፊደልህን ሳትጠብቅ ዕቃህን አታገኝም› አለው። ይማር!»

«ጃንጥላው እኛ ጋ ተቀምጦ እሱ ዝናብ ላይ እየበሰበሰ ይማር?»

«ዝናብ ጥሩ አስተማሪ ነው።»

እዚህ ላይ ጋሼ ሆሄ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ለተራበ ድመት ምሳቸውን የሚያካፍሉ ሰው ናቸው። ድመቱ መጻፍ ስለማይችል ነው።

ሰረዝ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የሰዉ አይደለም፣ የእኔ ነው። ማሽኑ ደንቆሮ ነው። እርስዎ የጻፉትንና ባለቤቱ የጻፈውን ጎን ለጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ያስተያያል። አንዲት ፊደል ካልገጠመች ‹የለም› ይላል። በጆሮ አንድ የሆኑ ፊደሎች ለእሱ እንደ ውሃና እንደ ድንጋይ ናቸው። ሰው ሁሉ እንደ እኔ ይጽፋል ብዬ አስቤ ነው እንዲህ አድርጌ የሠራሁት። ትዕቢት ነው። አሁን ላስተካክለው ነው የመጣሁት። የሰ ዓይነቱን ሁሉ ወደ አንድ ሰ፣ ሀውን ሁሉ ወደ አንድ ሀ፣ ጸውን ወደ አንድ ጸ፣ አውን ወደ አንድ አ ልመልሰው ነው።»

ጋሼ ሆሄ ብድግ አሉ።

«ምን? ምን አልሽ? በእኔ ክፍል ውስጥ? ፊደል ልትገድይ ነው እንዴ!»

«ጋሼ ይቀመጡ...»

«አልቀመጥም! ‹ድኅነት› እና ‹ድህነት› አንድ ናቸው? አንዱ መዳን ነው፣ አንዱ ማጣት ነው። አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው። ‹ሠረቀ› ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። ‹ሰረቀ› ሌባ ነው። አንቺ ፀሐይዋን ሌባ ልታደርጊያት ነው!»

ሰረዝ ሳቋን ዋጠች። «እርስዎ የጻፉትን አልነካም። ሁለት ቦታ ነው የማስቀምጠው። አንደኛው እርስዎ እንደጻፉት፣ ከነሠው ከነኅው። ሰው የሚያየው እሱን ነው። ሁለተኛው ግልባጭ ነው፤ ፊደሉ የተስተካከለ፣ ማሽኑ ብቻ የሚያየው፣ ለመፈለጊያ ብቻ። ሰውየው የሚጽፈውንም ማሽኑ ለራሱ እንደዚያው አስተካክሎ ከግልባጩ ጋር ያስተያየዋል። ፀሐይዋም ሌባውም አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ሁለቱን ያሳየውና በዓይኑ ይምረጥ። ሁለት አይቶ አንዱን መተው ይሻላል፣ ወይስ ያለውን የለም መባል?»

«ሁለት ፊት ያለው ጽሑፍ!» አሉ ጋሼ ሆሄ። «ሁለት ፊት ያለው ሰው ደስ ይልሻል?»

«ጋሼ...»

«ሰው ይማር ብያለሁ። የሚወደው ዕቃ የጠፋበት ሰው ትንሽ ቢለፋ ምን ይሆናል? የፈለገ ይጥራል። የጣረ ይደርስበታል። አለቀ።»

ሰረዝ ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር ስትፈልግ ቆየችና ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረችው።

«እሺ። ይቺ ሴትዮ ጥራለች። ከአንድ ስልክ ነው የምትጽፈው፣ ለሃያ ቀን፣ ሁልጊዜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ። የሥራ እረፍቷ ይመስለኛል። ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ።»

ጋሼ ሆሄ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

የህፃን መነፅር። አልተገኘም።

የህፃን መነፅር። አልተገኘም።

የህጻን መነፅር። አልተገኘም።

የሕጻን መነፅር። አልተገኘም።

የህፃን መነጽር። አልተገኘም።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እያረመች ነዋ። ስህተቱ የእኔ ነው ብላ ፊደል እየቀያየረች ነው። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ማሽኑ ‹የለም› እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም።» ሰረዝ ወረቀት ስባ ጻፈች። «ህው በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ፃው በሁለት። ጽው በሁለት። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት፣ ስድስት ጊዜ ሁለት ዐሥራ ሁለት። ይቺን ሁለት ቃል በዐሥራ ሁለት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። እሷ በስንቱ እንደሞከረች ይቁጠሩ።»

ጋሼ ሆሄ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ወረዱ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ! ይኼ የእኔ ነው! ‹የሕፃን መነጽር።› ሕው ልክ፣ ፃው ልክ፣ ጽው ልክ! ደረሰችበት! ጎበዝ! አላልኩሽም የጣረ ይደርሳል ብዬ?» ከዚያ ከጎኑ ያለውን አነበቡ። «አልተገኘም። እንዴ? እንዴት አልተገኘም? ልክ እኮ ነው!»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ?»

ሰረዝ መስመሩን ነካችው። ብልጭ ድርግም የምትለው ቀጭን ዘንግ ከ«ር» ጎን መቆም ነበረባት፤ አንድ እርምጃ አልፋ ነው የቆመችው።

«አዩዋት? ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ክፍተት አለ። ስልኳ ነው የሚጨምረው፤ ቃሉን ስትመርጥ ራሱ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። እሷ አታየውም። ማንም አያየውም። ማሽኑ ግን ፊደል በፊደል ሲያስተያይ እርስዎ ጋ የሌለ አንድ ነገር እሷ ጋ አገኘ። ‹አልተገኘም› አላት። በሚቀጥለው ቀን ይኼም ልክ አይደለም ብላ ወደ ሌላ ፊደል ዞረች።»

ጋሼ ሆሄ ቁጭ አሉ። ማተሚያ ቤት በነበሩ ጊዜ ክፍተት ባዶ ነገር አልነበረም። እንደ ፊደሎቹ ሁሉ ከእርሳስ የተሠራች፣ በጣት የምትያዝ፣ ክብደት ያላት ቁራጭ ነበረች። አንዷ ያለ ቦታዋ ከገባች መስመሩ ሁሉ ይገፋ ነበር። ይኼን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ይቺ ሴትዮ ታዲያ እሳቸው የሚፈልጉትን ሁሉ አድርጋለች፤ ተምራለች፣ ጥራለች፣ ደርሳለች። ያተረፈችው «የለም» ነው።

«የመጨረሻውን አንብቢው» አሉ። «ከታች ረጅም ነገር ጽፋለች፤ ዓይኔ ደከመ።»

ዓይናቸው አልደከመም። ሰረዝም ይኼን እያወቀች አነበበችላቸው። ትናንት የተጻፈ ነው።

«‹ነገ ለመጨረሻ ጊዜ እሞክራለሁ ከዚያ አላስቸግራችሁም። መነፅሩ ወፍራም ነው ታዞ ነው የተሰራው ሌላ ለማግኘት ወራት ይፈጃል ብለውኛል። ልጄ ሰሌዳው ስለማይታያት ከነገ ወዲያ ወደ ታች ክፍል ያወርዷታል። አመሰግናለሁ።›»

ጋሼ ሆሄ መሳቢያውን ከፈቱ። መነጽሩ እዚያ ነው። ክፈፉ ቀይ፣ መስታወቱ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍራም፣ አንዱ እግሩ በክር የተጠገነ። ሃያ ቀን ሙሉ ከክርናቸው አንድ ስንዝር ርቆ ተኝቷል።

«ደውዪላት!» አሉ። «አሁኑኑ ደውዪ! ስልክ ጽፋ የለም እንዴ?»

ሰረዝ ደወለች። ስልኩ «የተሳሳተ ቁጥር» እያለ ጮኸባት። ቁጥሩን ቆጠሩት፤ አንድ አኃዝ ጎድሎታል።

«ጎዶሎ ቁጥር እንዴት ተቀበልሽ?» አሉ ጋሼ ሆሄ፣ አሁን በእውነት ተቆጥተው። «የአንቺ ማሽን ለፊደሉ እንዲያ አንገት ያንቃል፣ ለቁጥሩ በሩን በርግዶ ይተኛል?»

«ልክ ነዎት» አለች ሰረዝ አንገቷን ደፍታ። «መጀመሪያ ጠባቂ አድርጌበት ነበር። ግን ከልክ በላይ አጠበቅኩት። ስም በሚለው ቦታ ላይ ከፊደል ሌላ ምንም አይገባም አልኩ። ከዚያ አንዲት የተከበሩ ሴትዮ ‹ወ/ሮ› ብለው ጀመሩ። በመሐሏ ባለችው ጭረት ምክንያት ማሽኑ ‹ስምዎ ትክክል አይደለም› አላቸው። እናታቸውን ቢሰድባቸው ይቀላቸው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ መጥተው በጃንጥላ ሊሉኝ ነበር። እኔም ተናድጄ ጠባቂውን ሁሉ አነሳሁት።»

«አንዴ ሁሉን ትዘጊያለሽ፣ አንዴ ሁሉን ትከፍቻለሽ። በር እኮ የመጣው ሰው እየታየ ነው የሚከፈተው።»

ሰዓቱ አምስት ሆኖ ነበር። ሴትዮዋ ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል።

«እኔ የመዘገብኩትን ልለውጠው?» አሉ ጋሼ ሆሄ፣ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እንደ ኮሶ እየመረራቸው። «በ‹ፅ› ልጻፈው? ለዛሬ ብቻ?»

«ዛሬ በየትኛው እንደምትጽፈው በምን እናውቃለን? በየቀኑ ትቀይራለች። ክፍተቱስ? ደግሞ እሷን አገኘናት እንበል፤ የሃምሳ ሦስቱ ጃንጥላ ባለቤቶችስ?»

ጋሼ ሆሄ ወደ መደርደሪያው አዩ። ጥርሱ ከብርጭቆው ውስጥ ፈገግ አለባቸው። በእጃቸው መነጽሩን እያገላበጡ አሰቡ፣ አሰቡ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን መታ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ሁለት ቦታ ያልሽው ነገር። አሁን ገባኝ። ማተሚያ ቤት ደራሲው በእጁ የጻፈው ረቂቅ ሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ማንም አይነካውም። እኔ እንኳ! እርማቴን የምሠራው ከሱ በወጣው ማረሚያ ወረቀት ላይ ነው። ነገር ሲጣመም ወደ ረቂቁ እንመለሳለን። አንቺ የምትይው ይኼንኑ ነው፤ ረቂቁ አይነካም፣ ሥራው የሚሠራው ግልባጩ ላይ ነው።»

«በቃ! ይኼንኑ ነው! እኔ አንድ ሰዓት የለፈለፍኩትን እርስዎ በአንድ ሚስማር ጨረሱት።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን እንዲህ አላልሽም? ጻፊ! ጊዜ የለንም።»

ጻፈች። ጣቶቿ ሲሮጡ ጋሼ ሆሄ ከኋላ ቆመው እንደ አሠልጣኝ ይጮኻሉ። ሀና ሐን አንድ አድርጋ ወደ ሰ ልታልፍ ስትል ጆሮዋን ሊይዟት ምንም አልቀራቸው።

«‹ኀ›ስ? ሦስተኛዋን እህት ሜዳ ላይ ጥለሽ ነው የምትሄጂው?»

«ውይ! ረስቻት...»

«ረስተሻት! የእሷ ልጅ ‹ኅ› እኮ ናት ሴትዮዋ ገና ያልሞከረቻት። ደግሞ ‹ሀ› እና ‹ሃ› በድምፅ አንድ ናቸው፤ ‹አ› እና ‹ዓ›ም እንዲሁ። ‹ጐ›ና ‹ጎ›ንም አትርሺ። በይ ቀጥዪ።»

«‹ጃ› እና ‹ዣ›ስ? እርስዎ ዣንጥላ ነው የሚሉት፣ ሰዉ ጃንጥላ ነው የሚለው።»

ጋሼ ሆሄ አሰቡ። «አይሆንም። እነሱ ጎረቤት ናቸው እንጂ እህትማማች አይደሉም፤ ድምፃቸው ይለያል። ሁሉን ከደባለቅሽ ጃኬቱ ዣኬት ይሆናል። ለዣንጥላ ብቻ ሌላ ዝርዝር ያዢለትና ‹ይኼም ስሙ ነው› በዪ።»

ሰረዝ ቀና ብላ አየቻቸው። ኮሌጅ ያስተማሯት ሰዎች እንኳ ይኼን ለይተው አልነገሯትም። ዳር ላይ ያለ ክፍተት ሁሉ እንዲቆረጥ፣ መሐል ላይ ሁለት ሦስት የሆነው አንድ እንዲሆን፣ በክፍተት ቦታ የገባችው «፡»ም እንደ ክፍተት እንድትቆጠር ጨመረች። ከዚያ ሁሉንም የተመዘገበ ዕቃ ግልባጭ አወጣችለት።

«አሁን ጠባቂውን መልሺ» አሉ ጋሼ ሆሄ እጃቸውን እያፋተጉ። «ቀን የማያውቅ፣ ቁጥር የማይቆጥር፣ ሰዋስው የማይጠብቅ፣ ሁሉንም አባርሪ!»

«አይሆንም ጋሼ። አሁን ደግሞ እርስዎ በሩን ዘጉት።» ሳቀች። «ስልክ ላይ እንጠብቃለን፤ ሰው ሊያነሳው የማይችል ቁጥር ምን ያደርግልናል? አኃዙ ካልሞላ እዚያው ሳለች ‹አንድ ቁጥር የጎደለ ይመስላል፣ እባክዎ ይዩት› ይበላት። ‹ተሳስተዋል› አይበላት። ቀኑን ከካሌንደር ላይ ትንካው፣ የዘነበ ዕለት ብላ እንዳትጽፍ። ስሟን ግን እንዳሻት ትጻፈው፣ ከነጭረቱ። ስሟን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማሽን የለም። ስለ ዕቃው የምታወራበት ቦታ ላይም ልቧ እስኪወጣ ታውራ።»

ጋሼ ሆሄ ይቺን አጣጣሟት። «ቀለሙ ሳይደርቅ ለጸሐፊው መንገር» አሉ። «እኛም እንዲያ ነበር የምናደርገው። ከታተመ በኋላ ማረም ወሬ ነው።»

አምስት ተኩል ሆነ። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ምንም የለም። አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። አንድ ሰው «ጥሩንባ» ብሎ ፈለገ፣ «ተገኝቷል» ተባለ፣ እሱንም ቀና ብለው አላዩትም። አምስት ሰዓት ከአርባ።

«ተስፋ ቆርጣለች» አሉ ጋሼ ሆሄ። «ትናንት ነበር የመጨረሻዋ። ቀን ተሳስተሻል።»

«ትናንት ጽፋ ‹ነገ› ነው ያለችው፣ ጋሼ።»

«ሃያ ቀን ሙሉ እኔ እዚህ ተቀምጬ...»

መስመሯ ወጣች።

የኅጻን  መነፅር

በመሐሉ ሁለት ክፍተት አለ፣ በመጨረሻው አንድ። ኅውም ከሦስተኛዋ እህት ቤት የመጣች ናት፤ ሴትዮዋ እስካሁን ያልሞከረቻት የመጨረሻዋ ፊደል ነበረች። ከጎኑ የመጣው ቃል ግን ሌላ ነው። ተገኝቷል። ከቃሉ ሥር የጋሼ ሆሄ ንጹሕ ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይነካ ወጣ፦ «የሕፃን መነጽር።»

ሰረዝ ጮኸች። ጋሼ ሆሄ አልጮኹም። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ግድግዳው ላይ ተደገፉ፣ አንዱ ዣንጥላ ወደቀባቸው፣ እሱንም አላነሱትም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ቁጥሩ ዕቃው ሲገኝ ብቻ የሚታየው የክፍሉ ስልክ ጮኸ። የልብስ ስፌት ቤት ሠራተኛ ናት። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልተቻለም። ልጇን ከትምህርት ቤት አውጥታ እንደምትመጣ ተናገረች።

እስክትመጣ ድረስ ጋሼ ሆሄ መቀመጥ አቃታቸው። «ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ጻፊ፣ እኔ ላስጽፍሽ» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«‹ይድረስ ለሥራ አስኪያጁ። ዛሬ እንደተረዳነው...› ተረዳነው፣ እኔ ጭምር ነኝ። ‹ሰው የሚጽፈው በየእጁና በየስልኩ ዓይነት ነው። የጻፈውን እንዳለ እናስቀምጥለታለን። ለመፈለጊያ ግን እናስተካክለዋለን። በዚህም ምክንያት ያለው ዕቃ አለ ይባላል፣ ሰዉም ባልሠራው ስህተት ራሱን አይወቅስም፣ መደርደሪያችንም...›»

«ቀስ ይበሉ! ‹ራሱን› በየትኛው ሰ ነው?»

«በፈለግሽው ጻፊው!» አሉ ጋሼ ሆሄ። ያሉትን ራሳቸው ሰምተው ደነገጡ። «...በሰ። በሰ ነው፣ ምነው ይኼን አስተምሬሽ አልነበር? ቀጥዪ። ‹መደርደሪያችንም ባዶ ይሆናል። መቀበያው ላይ የምናጣራው ደግሞ ሰውየውን ለማግኘት የሚያስፈልገንን ብቻ ነው፤ ያንንም በትሕትና፣ እዚያው እያለ። ይህ ሲሆን ከአንድ ሰው በላይ የማይሠራበት ክፍል የከተማውን ሕዝብ ያስተናግዳል። ሳይሆን ሲቀር ግን መቶ ሰው ቢቀጠርም ዕቃው እዚሁ አቧራ ይበላዋል።› ደግሞ በሩ ላይ ያለው ወረቀት ይነሳ በይ። ‹በአካል አይምጡ› ይላል፣ ሰውን ነው እኮ እንዲህ የምንለው!»

ወረቀቱን መልስ ሳይጠብቁ ራሳቸው ሄደው ገነጠሉት። ደስ እንዳላቸው ያወቀችው ግድግዳው ላይ የቀረውን ሙጫ በጥፍራቸው እያነሱ ሲያፏጩ ስታይ ነው።

ከደረጃው ላይ የፈጠኑ እግሮች ተሰሙ። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ የስፌት ሜትር እንዳጠለቀች ነው የመጣችው። ልጅቷ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች ወረደች። ጋሼ ሆሄ በርከክ ብለው መነጽሩን በራሳቸው እጅ ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ልጅቷ ዓይኗን ገርበብ፣ ከፈት አደረገች። መደርደሪያውን አየች፣ ጥሩንባውን አየች፣ ከዚያ ብርጭቆውን አይታ ወደ ኋላ ዘለለች።

«እማዬ! ጥርስ! የጠፋ ጥርስ አለ!»

ሁሉም ሳቁ። ሴትዮዋ ግን ሳቋ ሳያልቅ ቆም አለች፤ የሆነ ነገር ያፈረች መሰለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ሃያ ቀን ሙሉ ፊደሉን ስቀያይር ከረምኩ። የዛሬው ነው ማለት ነው ልኩ? የትኛው ነው?»

ሰረዝ ወደ ጋሼ ሆሄ ዞረች። እኚህ ሰው ይኼን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው አርባ ዓመት ሲጠብቁ ኖረዋል። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሳይጠየቁ ነው ሲያርሙ የኖሩት። አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር ከጠረጴዛው ኋላ አውጥተው ፊቷ አደረጉላት።

«ልኩን መማር ከፈለግሽ ቁጭ በዪ፣ በደስታ አስተምርሻለሁ፤ ታሪኩ ብዙ ነው፣ ይጥማልም» አሏት። «መነጽሩን ለመውሰድ ግን አያስፈልግሽም ነበር። ስህተቱ የእኛ ነው።»

ሴትዮዋ ልጇን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ የስፌት ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«ከመነጽር ይጀምሩልኝ» ብላ ተቀመጠች።